ኮሶ

ኮሶ (በሳይንሳዊ ስሙ ሃጌኒያ አቢሲኒካ) ከጽጌረዳ ቤተሰብ የሚመደብ የአፍሪካ ደጋ ዛፍ ነው። በሰሜን ሸዋ በአንኮበር ከፍታዎችና በወፍ ዋሻ ደን ከጽድና ከአስታ ጋር ይገኛል። ወንዴና ሴቴ አበባው በተለያየ ዛፍ ላይ ያብባል፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው፣ ተንዠርጎ የሚወርደው የሴቴው አበባ ነው።

ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል የብዙ ቤት ችግር ነበር። ትሉን ለማስወጣት አበባው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ብዙዎች በየሁለት ወሩ ገደማ ይወስዱት ነበር፤ በዚያ ምሬቱ ይህን ሁሉ ጊዜ መደጋገሙ የትሉን አስቸጋሪነት ያሳያል። ትሉን የሚያዳክሙት ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የተባሉ የፍሎሮግሉሲኖል ውህዶች ናቸው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ዛፉን ለአውሮፓውያን አስተዋወቀ፤ በቀጣዩ ምዕት ዓመት አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

ፈዋሽነቱ ከመርዛማነቱ የማይነጠል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። መጠኑ ሲበዛ ያስመልሳል፣ ብርቱ ተቅማጥ ያስከትላል፣ የዓይንን ብርሃን ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትወስደው አይገባም። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት ዘመናዊ የትል መድኃኒቶች ከመጡ ወዲህ ኮሶ የሚጠጣ ሰው ቀንሷል። ዛፉ ግን ቀይ ጣውላው ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ መቆረጡ አልቀረለትም።