እጅ መንሻ ያልሆነ ምስጋና

በአማርኛ «አመሰገነ» የሚለው ግሥ ሁለት ሸክም ተሸክሞ ይኖራል። ለተደረገልን ነገር ወሮታ በቃል ስንመልስም፣ የአንድን ሰው ሙያና ምግባር ስናወድስም ቃሉ አንድ ነው። ከጎኑ «ውለታ» አለ፤ ውለታ የዋለልን ሰው ባለዕዳ ያደርገናል፤ መክፈል ሲያቅተን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንልና ክፍያውን ከእኛ ለሚበልጠው እንተዋለን። ሦስተኛው «እጅ መንሻ» ነው፤ ባለጉዳይ ወደ ሹም ደጅ ሲሄድ ባዶ እጁን ላለመቅረብ የሚይዘው ገጸ በረከት። ሦስቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ድንበራቸውም ቀጭን ነው። ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት ቃለ መጠይቅ የተደረገለት ሰው በማግስቱ የሚጽፋት አጭር የምስጋና ደብዳቤ የምትራመደው በዚያ ቀጭን ድንበር ላይ ነው።

ይህ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ደብዳቤ የሥነ ጽሑፍ ታላቅ እኅት መሆኗን ላስታውሰውና ልቀጥል። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ ያገሬ ልጅ ነው። በአሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር አመልክቶ፣ ለሁለት ቀን ተጠርቶ፣ ንግግር አድርጎ፣ ከኮሚቴው ጋር እራት በልቶ ተመልሷል። ሊልክ ያሰበውን ምስጋና እንዳይለት ሰጠኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር። በትምህርት ክፍሉ ዝና ጀምሮ፣ በአባላቱ ደግነት በኩል አልፎ፣ ጉዳዩ በመልካም ይታይለት ዘንድ በትሕትና በማመልከት ይፈጽማል። አማርኛው እንከን አልነበረውም፤ እንግሊዝኛው ግን በዚያ አማርኛ ላይ የለበሰ ካባ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ለአንተ ያደረጉልህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና፣ አንዲት አዛውንት ፕሮፌሰር ከንግግሩ በኋላ እስከ ሆቴሉ በእግራቸው እንደ ሸኙት፣ በመንገድም ላይ ስለ መመረቂያ ጽሑፉ ሦስተኛ ምዕራፍ ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ነገር እንደ ጠየቁት ነገረኝ። ከሁለቱ ገጾች በአንዱም ላይ ይህ አልተጻፈም።

ልጁን አልፈርድበትም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩ ታላላቆችም ምስጋናን ለሹመት መወጣጫ አድርገውታል። ጋሊሌዮ ጋሊሌይን እንውሰድ። በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ልቡ ወደ ፍሎሬንስ ያደላ ነበር። በ1610 ዓ.ም. መጀመሪያ በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ አራት ጨረቃዎችን በመነጽሩ ባየ ጊዜ፣ ግኝቱን ቀድሞ ተማሪው ለነበረው ለቶስካና መስፍን ለዳግማዊ ኮዚሞ ዴ ሜዲቺ አበረከተ። ስማቸውን በመስፍኑ የግል ስም ይጥራቸው ወይስ በቤተሰቡ? ለመስፍኑ ጸሐፊ ጽፎ ጠየቀ። መልሱ «በቤተሰቡ» የሚል ነበር፤ መልሱ ሲደርስ ግን ማተሚያ ቤቱ ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ በታተመው ርዕስ ላይ «ሜዲቺ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ተለጠፈበት። መጽሐፉ በመጋቢት ወጣ፤ በሐምሌ ጋሊሌዮ የመስፍኑ ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ፣ የፒሳ ዩኒቨርሲቲም ቀዳሚ የሒሳብ ሊቅ ሆኖ ተሾመ፤ ያውም የማስተማር ግዴታ ሳይኖርበት። ሰማይን የሚያህል እጅ መንሻ ከዚያ ወዲህ የቀረበ አይመስለኝም። በነገሥታትና በመኳንንት ደጅ ዕውቀት በሚያድርበት ዘመን ሌላ መንገድ አልነበረምና፣ እኔ አልነቅፈውም። ያ ቁራጭ ወረቀት ግን ከዓይኔ አይጠፋም።

የዛሬው የማግስት ደብዳቤ በእኔ አስተያየት ከዚህ ዘር አይወለድም። ዘሩ የእንግዳ ደብዳቤ ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በሰው ቤት ያደረ እንግዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለባለቤቶቹ የምስጋና ወረቀት መላክ አለበት፤ «የዳቦና የቅቤ ደብዳቤ» ይሉታል። አሜሪካዊቷ ኤሚሊ ፖስት በ1922 ዓ.ም. ባሳተመችው የሥነ ሥርዓት መጽሐፍ ይህን በጥቂት ቀናት ውስጥ መፈጸም ያለበት ግዴታ አድርጋዋለች። የዚህ ደብዳቤ ሌላ ስሙ «ኮሊንስ» ነው፤ ስሙን ያገኘው ጄን ኦስተን በ1813 ዓ.ም. ካሳተመችው ከ«ኩራትና ጭፍን ግምት» ልብ ወለድ ነው። ቄሱ ሚስተር ኮሊንስ በቤኔት ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት ሰንብቶ፣ ኤልሳቤጥን ለጋብቻ ጠይቆ፣ እምቢ ተብሎ ይሄዳል፤ ከዚያም ዓመት ሙሉ የተቀለበ በሚመስል ክብደት የታጨቀ ምስጋና ይልካል። እዚያው ደብዳቤ ውስጥ የጎረቤታቸውን ልጅ ሻርሎትን ማጨቱን፣ ለእርሷም ሲል በቅርቡ ወደ ቤታቸው ተመልሶ እንደሚያርፍ ያስታውቃል። ኦስተን የምትስቀው በምስጋናው ላይ አይደለም፤ ምስጋናው ለሌላ ጉዳይ መጠቅለያ በመሆኑ ነው። እንግሊዞች ለትክክለኛው የእንግዳ ደብዳቤ የዚህን ሰው ስም መስጠታቸው ያስገርመኛል።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቃለ መጠይቅ ከመሥሪያ ቤት ቃለ መጠይቅ ይልቅ እንግድነትን ይመስላል። እጩው አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል፤ ቁርስ ከአንዱ ጋር፣ ምሳ ከተማሪዎች ጋር ይበላል፤ ከዲኑ ጋር ይነጋገራል፤ በአደባባይ ንግግር ያደርጋል። በእንግሊዝ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ በአንድ ቀን ጉባኤ ስለሚያልቅ፣ እንግድነቱም ምስጋናው ይቀላል። ስለዚህ ልማዱ የእንግዳ ልማድ ነው፦ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ፣ ባጭሩ፣ ለኮሚቴው ሰብሳቢና በተለይ ጊዜያቸውን ለሰጡት፤ ጉዞውንና ማረፊያውን ያሰናዳችውን የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሳይረሱ። ስጦታ አይላክም። የወጪ ደረሰኝም ከምስጋናው ጋር አይታሸግም። ቃል የተገባ ጽሑፍ ካለ አብሮ ይሄዳል፤ ልመና ግን አይሄድም። በቃለ መጠይቁ የተሳሳቱትን መልስ በደብዳቤው ለማቃናት መሞከርም ሸኝቶ የተመለሰውን ባለቤት እንደገና ከበር መጥራት ነው።

ይህ ሥርዓት ረጅም ዕድሜ የለውም። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአሜሪካ ብዙው የመምህርነት ቦታ የሚሞላው አንድ ፕሮፌሰር ለሌላው ፕሮፌሰር በሚጽፈው ደብዳቤ ነበር፤ ሴቶችና ጥቁሮች ከዚያ የመልእክት መስመር ውጭ መቅረታቸው አያስደንቅም። ክፍት ቦታን በይፋ ማስታወቅ ግዴታ እየሆነ የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፌዴራል መንግሥት የእኩል ዕድል ሕግ በዩኒቨርሲቲዎች ላይ ሲጠነክር ነው። የማይታወቅ ሰው በማይታወቅ ከተማ እንግዳ ሆኖ መጠራቱ ራሱ በሕግ የተገኘ ነገር ነውና፣ ምስጋናው የደጅ ጥናትን ጎንበስታ ባይለብስ ይሻላል።

ከዚያ በፊት የነበረውን ዝምታ ለማየት አልበርት አይንሽታይንን መመልከት ይበቃል። በ1901 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ረዳትነት ሲለምን ለላይፕሲጉ ኬሚስት ለቪልሄልም ኦስትቫልድ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ መልስ የለም። አባቱ ሄርማን ልጁ ሳያውቅ ሦስተኛ ጻፈ፤ ያዘነ ልጁን በጥቂት ቃላት እንዲያበረታለት ፕሮፌሰሩን ተማጠነ። ለላይደኑ ካመርሊንግ ኦነስ አይንሽታይን የላከው ደግሞ የመልሱ ቴምብር አስቀድሞ የተከፈለበት ፖስት ካርድ ነበር፤ የመልሱ ክፍል ባዶውን ቀረ፤ ዛሬ በላይደን ቤተ መዘክር ይገኛል። ያቃናለት የክፍል ጓደኛው ማርሴል ግሮስማን ነው፤ አባቱን አነጋግሮ ለበርን የፓተንት መሥሪያ ቤት ኃላፊ አስጠቆመው። አይንሽታይን በ1905 ዓ.ም. የዶክትሬት ጽሑፉን ለግሮስማን መታሰቢያ አደረገው። እዚህ ላይ የሚለመን ነገር አልቀረም፤ ሥራው ከተገኘ ሦስት ዓመት አልፏል። ምስጋና ከልመና ነጻ የሚወጣው ጊዜ ሲያልፍበት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ አላገኘሁም። ያ ዝም ያለው ኦስትቫልድም በ1910 ዓ.ም. አይንሽታይንን ለኖቤል ሽልማት ከሁሉ ቀድሞ የጠቆመው ሰው ሆነ። ይቅርታ ይሁን ዝንጋታ ማን ያውቃል።

ስለዚህ ለእኔ ከማግስቱ ደብዳቤ ይልቅ ከባዱ ሁለተኛው ነው፤ ቦታው ለሌላ ከተሰጠ በኋላ የሚጻፈው። ብዙዎች አይጽፉትም፤ ደንቡም አያስገድዳቸውም። የሚጽፈው ግን ተስፋም ፍርሃትም ከእጁ የወጣ ሰው ስለሆነ፣ ቃሉ የሚመዘነው በሌላ ሚዛን ነው።

የዚህን ግልባጭ የምናገኘው በ1673 ዓ.ም. ነው። በየካቲት ወር የሃይደልበርግ ፕሮፌሰር ፋብሪቲዩስ በመስፍኑ በካርል ሉድቪግ ስም ለባሩክ ስፒኖዛ ጻፈ፤ የፍልስፍና ወንበር ቀረበለት፤ የመፈላሰፍ ነጻነቱም ሰፊ እንደሚሆን፣ ይሁን እንጂ በይፋ የቆመውን ሃይማኖት ለማወክ እንደማይጠቀምበት መስፍኑ እንደሚተማመን ተገለጸለት። ስፒኖዛ የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ፣ ከማኅበሩ የተወገዘ፣ የመነጽር ብርጭቆ የሚሞርድ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥሪ ከዚያ በፊት ደርሶት አያውቅም። ከአንድ ወር በላይ አሰበበት። በመጋቢት 30 መልሱን ላከ። ክብሩን አልናቀም፤ የመምህርነት ምኞት ቢኖረው ሊመርጠው የሚችለው ይህ ብቻ እንደ ነበር ገለጸ። ከዚያም ወጣቶችን ማስተማር ከራሱ ጥናት እንደሚያዘገየው፣ ሃይማኖትን እንዳያውክ የነጻነቱ ወሰን እስከ የት እንደሚዘረጋ እንደማያውቅ በለዘብታ አስረድቶ፣ ጉዳዩን ለመስፍኑ እንዲያቀርቡለት ፋብሪቲዩስን ጠየቀ። አንድም ቃል ለመወደድ አልተጻፈም፤ አንድም ቃል ለመበቀል አልተጻፈም። በ1677 ዓ.ም. ሞቶ ጽሑፎቹ ሲታተሙ፣ ጥሪውና መልሱ ጎን ለጎን ተቀመጡ።