ዳርት፦ በጩኸት መካከል የጸና እጅ

ዳርት ትንሽ ፍላፃን ወደ ክብ ሰሌዳ በመወርወር ነጥብ የሚሰበሰብበት የውድድር ዓይነት ነው። ሰፊ ሜዳ አይሻም፤ ፈጣን እግርም ሆነ የፈረጠመ ጡንቻ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የጸና እጅ፣ የተረጋጋ ልብ እና ፈጣን የሒሳብ አእምሮ ነው።

በጎልፍ ተጫዋቹ ኳሷን ሊመታ ሲዘጋጅ ተመልካቹ ትንፋሹን ይውጣል። በቴኒስ ዳኛው ጸጥታን ያዛል። በዳርት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ተጫዋቹ እርጋታን ከማንም በላይ በሚሻበት ቅጽበት ሕዝቡ ይዘፍናል፤ ያፏጫል፤ ጠረጴዛ ይደበድባል። ስፖርቱን ከመጠጥ ቤት ግድግዳ አንሥቶ ወደ ታላቅ መድረክ ያወጣው ይኸው ሕዝብ ነው። የተጫዋቹን እጅ የሚፈትነውም እርሱው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰሌዳው እና ሕጉ

በቀደመው ዘመን የዳርት ሰሌዳ ከእንጨት ይሠራ ነበር። ከ1930ዎቹ ወዲህ ግን ከቃጫ መሥራት ተለመደ። ቃጫው ገመድ ከሚገመድበት የሲሳል ተክል የሚገኝ ሲሆን፣ ምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይም ኬንያ፣ ለዚህ የሚሆነውን ምርት ለዓለም ገበያ ታቀርባለች። የቃጫው ክሮች ጫፋቸው ወደ ፊት እንዲሆን ተደርጎ በኃይል ይጠቀጠቃሉ። ፍላፃዋ ስትሰካ ክሮቹን ገፍታ በመካከላቸው ትገባለች፤ ስትነቀል ደግሞ ክሮቹ ተመልሰው ይገጥማሉ። እንጨቱ ቶሎ ሲበሳሳ ቃጫው ብዙ ዘመን የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰሌዳው መሐል ከወለሉ 1 ሜትር ከ73 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ተጫዋቹ የሚቆምበት መስመር ከሰሌዳው ፊት 2 ሜትር ከ37 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። የፍላፃዋ ክብደት በሕግ ከ50 ግራም መብለጥ የለበትም። ታላላቆቹ ተጫዋቾች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም የምትመዝነውን ይመርጣሉ።

ሰሌዳው ከ1 እስከ 20 ቁጥር በተሰጣቸው 20 ክፍሎች ይከፈላል። በዳር በኩል ያለው ጠባብ ቀለበት የክፍሉን ነጥብ እጥፍ ያደርጋል። በመካከል ያለው ሌላው ጠባብ ቀለበት ደግሞ ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። የሁለቱም ቀለበቶች ስፋት 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሰሌዳው እምብርት ያለችው ቀይ ክብ 50 ነጥብ፣ እርሷን የከበበችው አረንጓዴ ቀለበት ደግሞ 25 ነጥብ ታስገኛለች።

ቁጥሮቹ በተራ አልተቀመጡም። በ20 ግራና ቀኝ 5 እና 1 ተቀምጠዋል። ወደ ትልቁ ቁጥር አልሞ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሳተ እጅ ቅጣቱን ወዲያው ያገኛል። በሦስት እጥፍ ቀለበት ያለችው 20 በአንድ ውርወራ 60 ነጥብ ታስገኛለች። ተጫዋቹ በአንድ ተራ ሦስት ፍላፃዎችን ስለሚወረውር በአንድ ተራ የሚገኘው ከፍተኛ ነጥብ 180 ነው።

በዋነኞቹ ውድድሮች እያንዳንዱ ተጫዋች ከ501 ነጥብ ተነሥቶ ያገኘውን እየቀነሰ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የመጨረሻዋ ፍላፃ በዳር ባለው የእጥፍ ቀለበት ወይም በቀይዋ ክብ ላይ ማረፍ አለባት። ሒሳቡም እዚህ ላይ ይመጣል። ለምሳሌ 32 ነጥብ የቀረው ተጫዋች የ16ን እጥፍ ያልማል። ወደ ውስጥ ስቶ ተራውን 16 ቢመታ 16 ይቀረዋል፤ የ8ን እጥፍ ያልማል። እንደገና ቢስት የ4ን እጥፍ ይሞክራል። ቁጥሩ ደጋግሞ ለሁለት ስለሚከፈል ተጫዋቾች 32ን ይወዱታል። በሦስት ፍላፃ ሊዘጋ የሚችለው ከፍተኛ ቀሪ ነጥብ 170 ሲሆን፣ ይህም 60፣ 60 እና 50 በመምታት ይገኛል።

ከ501 ቀድሞ ዜሮ የደረሰ አንድ ዙር ያሸንፋል። ሦስት ዙር ቀድሞ የያዘ አንድ ምዕራፍ ይወስዳል። በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሰባት ምዕራፍ ቀድሞ የያዘ ሻምፒዮን ይሆናል። አንድን ዙር ለመጨረስ የሚያስፈልገው ትንሹ የፍላፃ ብዛት ዘጠኝ ነው። ይህንን በቴሌቪዥን በተላለፈ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳካው እንግሊዛዊው ጆን ሎው ሲሆን፣ ጊዜውም ጥቅምት 1984 ነበር። ለዘጠኙ ፍላፃዎች 102 ሺህ ፓውንድ ተሸልሟል።

ከመጠጥ ቤት ወደ መድረክ

ዳርት በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ያደገ የሠርቶ አደሮች ጨዋታ ነው። ከ1927 ጀምሮ አንድ የእሑድ ጋዜጣ በስሙ የሰየመው ውድድር ሲካሄድ ቆየ። በ1939 የዚህ ውድድር ፍጻሜ ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊው የግብርና አዳራሽ ሲደረግ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ታድሟል። ሕዝቡ ዳርትን ለማየት የተሰበሰበው እንግዲህ ቴሌቪዥን ሳይጠራው በፊት ነው።

በ1970ዎቹ ቴሌቪዥን ለዳርት የሚመች ዘዴ አገኘ። የስክሪኑን ግማሽ ለተጫዋቹ ፊት፣ ሌላውን ግማሽ ለሰሌዳው ሰጠ። ተመልካቹ የፍላፃዋን ማረፊያና የወርዋሪውን ጭንቀት በአንድ ጊዜ ለማየት ቻለ። በ1978 የመጀመሪያው ሙያዊ የዓለም ሻምፒዮና በኖቲንግሃም ተካሄደ። ዌልሳዊው ሌይተን ሪስ ጆን ሎውን 11 ለ 7 አሸንፎ 3 ሺህ ፓውንድ ወሰደ።

በ1980ዎቹ መገባደጃ ቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ፊታቸውን ከዳርት አዞሩ። ሲጋራ እያጨሱና ቢራ እየጠጡ የሚወዳደሩ ሰዎች ምስል ስፖርት አይመስልም የሚል ትችት በርትቶ ነበር። ገቢያቸው የነጠፈባቸው 16 ታዋቂ ተጫዋቾች በ1993 ከነባሩ ማኅበር ተገንጥለው የራሳቸውን የውድድር ሥርዓት መሠረቱ። ከ1994 ጀምሮ ሁለት የዓለም ሻምፒዮናዎች ጎን ለጎን ሲካሄዱ ቆዩ። ነባሩ ማኅበር በ2020 ፈረሰ።

አዲሱ ድርጅት በ2001 በቦክስና በስኑከር ውድድር አዘጋጅነት በሚታወቀው በባሪ ኸርን አመራር ሥር ገባ። በታኅሣሥ 2007 የዓለም ዋንጫው ወደ ለንደኑ አሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት ተዛወረ። በ1936 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን መደበኛ ሥርጭቱን የጀመረበት ይህ ኮረብታ ላይ ያለ ሕንፃ የዳርት መናኸሪያ ሆነ።

ታላላቆቹ ተጫዋቾች

ኤሪክ ብሪስቶው በ1980፣ 1981፣ 1984፣ 1985 እና 1986 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በራሱ የሚተማመን፣ ሕዝብን ማናደድም ማስደሰትም የሚያውቅበት የለንደን ልጅ ነበር። ዳሩ ግን በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ እንግዳ ችግር ገጠመው። እጁ ፍላፃዋን ለመልቀቅ እምቢ አለ። የዳርት ሰዎች ዳርታይቲስ የሚሉት ይህ ችግር ከጡንቻ ይልቅ ከአእምሮ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ለፍጻሜ ቢደርስም ዋንጫውን ዳግም አላነሣም።

ብሪስቶው በስቶክ ከተማ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረውን ፊል ቴይለርን በገንዘብ ደግፎ ወደ ሙያው አስገባው። በ1990 ፍጻሜ ላይ ቴይለር ደጋፊውን 6 ለ 1 ረትቶ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ። በ2018 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ 16 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከእነዚህም ውስጥ ስምንቱ ከ1995 እስከ 2002 በተከታታይ የተገኙ ናቸው።

ኔዘርላንዳዊው ሬይመንድ ቫን ባርኔቬልድ ፖስታ አዳይ ነበር። አምስት ጊዜ የዓለም ዋንጫ በማንሣት ዳርትን በአገሩ የሕዝብ ስፖርት አደረገው። በ2007 ቴይለርን 7 ለ 6 ያሸነፈበት ፍጻሜ በመጨረሻዋ ዙር የተወሰነ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ከታዩት ታላላቅ ግጥሚያዎች መካከል ይቆጠራል። የአገሩ ልጅ ማይክል ቫን ገርወን በ2014፣ 2017 እና 2019 ሻምፒዮን ሆነ።

በታኅሣሥ 2019 የፀጉር ሥራ ባለሙያ የነበረችው ፋለን ሼሮክ በዓለም ዋንጫው መድረክ ወንድ ተጋጣሚን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ቴድ ኤቬትስን 3 ለ 2 ረታች። በቀጣዩ ዙር ኦስትሪያዊውን ሜንሱር ሱልዮቪችን 3 ለ 1 አሸንፋ ድሉ የአጋጣሚ እንዳልሆነ አሳየች።

ሉክ ሊትለር በ2007 የተወለደ የዋሪንግተን ልጅ ነው። በጥር 2024 ገና በ16 ዓመቱ ለፍጻሜ ደርሶ በሉክ ሀምፍሪስ 7 ለ 4 ተሸነፈ። ያንን ግጥሚያ በእንግሊዝ አንድ የስፖርት ጣቢያ ላይ እስከ 3 ነጥብ 7 ሚሊዮን ሰው ተከታትሎታል። ከዓመት በኋላ በ17 ዓመቱ ቫን ገርወንን 7 ለ 3 አሸንፎ በታሪክ በዕድሜ ትንሹ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ሕዝቡ

በአሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት አዳራሽ በአንድ ምሽት ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ይታደማል። ታዳሚው በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ይቀመጣል። ብዙው አስቂኝ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ አንዱ መነኩሲት፣ ሌላው እንስሳ፣ ሌላው የመንገድ ምልክት መስሎ። በእጁ 180 የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ይይዛል። ነጥቡ ሲመታና አብሳሪው ቁጥሩን አስረዝሞ ሲጠራ ካርቶኖቹ በአንድነት ወደ ላይ ይነሣሉ።

ከኋላ የተቀመጠ ሰው ፍላፃዋ የት እንዳረፈች በዓይኑ ሊለይ አይችልም፤ በትልልቅ ስክሪኖች ይከታተላል። ጨዋታውን ብቻ ቢሻ ከቤቱ ሆኖ አጥርቶ ባየ ነበር። ወደ አዳራሹ የሚያመጣው የአብሮነቱ ደስታ ነው። የውድድሩ ጊዜ ከገና በፊት ተጀምሮ ከአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት በኋላ መጠናቀቁም የበዓል መንፈስ ይሰጠዋል።

ሕዝቡ ስሜቱ ሲነካ ምን እንደሚሆን በጥር 2023 ፍጻሜ ታይቷል። ቫን ገርወን በአንድ ዙር ስምንት ፍላፃዎችን ያለ ስሕተት አሳርፎ ዘጠነኛዋን፣ የ12ን እጥፍ፣ ለጥቂት ሳታት። ወዲያው ተጋጣሚው ማይክል ስሚዝ በዚያው ዙር የራሱን ዘጠነኛ ፍላፃ በዚያችው በ12 እጥፍ ላይ ሰካ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ስሚዝም 7 ለ 4 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

ይኸው ሕዝብ ግን ጨካኝም ነው። ያልወደደው ተጫዋች የእጥፍ ቀለበቱን ሲያልም ያፏጭበታል። አብሳሪው ጸጥታን ቢለምንም ሁልጊዜ አይሰማም። የቀድሞው የራግቢ ተጫዋች፣ ዌልሳዊው ገርወን ፕራይስ፣ ይህን በሚገባ ያውቀዋል። የዓለም ዋንጫን ያነሣው በጥር 2021፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አዳራሹ ባዶ በሆነበት ፍጻሜ ነበር። ቀደም ሲል በተመልካች ፊት ሌሎች ታላላቅ ዋንጫዎችን አሸንፏልና ድሉን የጸጥታው ስጦታ ብቻ ማለት አይቻልም። ሆኖም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥር 1 ቀን 2023፣ በሩብ ፍጻሜው ጩኸቱ ሲበረታበት ጆሮውን በድምፅ መከላከያ ሸፍኖ ለመጫወት ተገደደ። በጀርመናዊው ጋብርኤል ክሌሜንስ 5 ለ 1 ተሸንፎም ከውድድሩ ወጣ።

ጩኸትና ገንዘብ

አዳራሹን የሚሞላው ጩኸት የተጫዋቾቹ እንጀራ ጭምር ነው። ቴሌቪዥን ለዳርት የሚከፍለው ከውርወራው ባሻገር በአዳራሹ ውስጥ ላለው ድባብ ነው። በ1978 ለሻምፒዮኑ 3 ሺህ ፓውንድ የከፈለው ስፖርት በ2025 ለሊትለር 500 ሺህ ፓውንድ ከፍሏል። ለ2026 ውድድር የአሸናፊው ሽልማት አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ተደርጓል። የሸክላ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ፖስታ አዳዩ እና ፀጉር ሠሪዋ በዚህ ሙያ ስም ያገኙት ሕዝብ ትኬት ገዝቶ ስለመጣ ነው። በ2021ዱ ባዶ አዳራሽ ፍላፃዎቹ ሰሌዳውን ሲመቱ የሚሰማው ደረቅ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጨዋታው ያው ቢሆንም በዓሉ አልነበረም።

ስለዚህ የዳርት ሰዎች ጥያቄ ጩኸቱን ስለማጥፋት ሳይሆን ልክ ስለማበጀት ነው። መዝፈን እና መደገፍ ስፖርቱን ያቆመው ምሰሶ ነው። አንድን ሰው ለማሳሳት ሆን ብሎ ማፏጨት ግን ምሰሶውን የሚበላ ምስጥ ይሆናል።

ሕዝቡ ፍቅሩን በእርጋታ መግለጽም ይችላል። ሚያዝያ 5 ቀን 2018 ኤሪክ ብሪስቶው በሊቨርፑል ከተማ የዳርት ውድድር በሚካሄድበት ሥፍራ በልብ ድካም በ60 ዓመቱ አረፈ። ዜናው በአዳራሹ ሲነገር ታዳሚው በስሙ ዘመረለት። ወጣት ሳለ ሲያፏጭበትም ሲያጨበጭብለትም የኖረው የዳርት ሕዝብ በመጨረሻው ምሽት በአንድ ድምፅ ሸኘው።