ሜዳና በዓል

በዓል ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በጣራ ሥር ይከበራል፣ ሁለተኛው በሰማይ ሥር ይከበራል። በጣራ ሥር የሚከበረው በዓል ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም የወደደውን ይጠራል፣ ያልወደደውን ይተዋል። በሰማይ ሥር የሚከበረው ግን በር የለውምና «ማን ጠራህ?» የሚል አይገኝበትም። ልማዳቸውና ቋንቋቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሰዎች ሳይተፋፈሩ የሚተያዩበት ስፍራ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ሜዳ የሆነው ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር ከትንሽ ከተማ ተነሥቶ ሊታይ ይችላል። ራቤል የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በደቡብ መንዝ ጌራ ምድር፣ በሰሜን ደቡብ ወሎ ያዋስኗታል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት፣ ከበግ ጠጉርም ባናና ዝተት የሚሠራበት ነው። ጥር 10 ቀን ከተራ በሆነ ጊዜ፣ በዚያ እንደ ሌላው የደጋ አገር ሁሉ፣ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳሉ። ቀኑ ከተራ መባሉም ውኃው ስለሚከተር ነው። ካህናቱ በማኅሌት፣ ጎበዛዝቱ በሆታ፣ ሴቶቹ በእልልታ ያጅባሉ። ለእንግዳ ዓይን ይህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ይመስላል። አገሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ግን በዜማው አወጣጥ፣ በዱላው አያያዝ፣ በነጠላው አጣፋፍ አይቶ ማን ከደጋው፣ ማን ከቆላው እንደ መጣ ይለያል። ልዩነት ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አንድ ገደል ተሻግሮም ይገኛል።

የዚህ በዓል ወደ ሜዳ መውጣት የረጅም ዘመን ታሪክ አለው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው፣ ታቦታት ወደ ውኃ መውረድ የጀመሩት በስድስተኛው ምእት ዓመት በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን ነው፤ በአንድ አካባቢ ያሉት በአንድነት እንዲወርዱ ያደረገ ቅዱስ ላሊበላ ነው፤ በውኃው ዳር እንዲያድሩ ያዘዘም አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ይህን ትውፊት ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይረዳል። ሥርዓቱ በየዘመኑ የሰፋው መሰብሰቢያውን በማስፋት ነው፤ ለየብቻ ይደረግ የነበረው በአንድነት ሆነ፣ የአንድ ቀን የነበረውም ሌሊት ተጨመረለት። ሌሊት አብሮ ያደረ ሰው ደግሞ ከእንግዲህ ወዲያ እንግዳ አይባልም።

ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1512 ዓ.ም. የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በጥር 1513 ዓ.ም. በአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር የተከበረውን ጥምቀት በዓይኑ አይቶ ጽፎአል። ውኃው በምድር ውስጥ ተቆፍሮ በሳንቃ በተለበደ ገንዳ እንደ ተሞላና ከወንዝ ተጠልፎ እንደ መጣ ይተርካል። ያ የውጭ አገር ቄስ ሥርዓቱን እየተቃወመም እንኳ በስፍራው ቆሞ ለማየት አልተከለከለም። የመጻፉም ምክንያት ይኸው ነው። ሜዳ ባይሆን ኖሮ ምናልባት የሚተርከው ባልነበረውም።

ይሁን እንጂ ሜዳ ሁሉ የፍቅር ሜዳ ነበር ማለት አይደለም። በ1833 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የገባው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን የመስቀል በዓል አይቶአል። በዚያ ቀን የየአውራጃው ሹም ሠራዊቱን እየመራ፣ እየፎከረ፣ በንጉሡ ፊት ያልፍ ነበር። የደጋው ጋሻ ጃግሬና የኦሮሞው ፈረሰኛ በአንድ ሜዳ ላይ ታዩ፤ ነገር ግን የታዩት ሊቆጠሩ ነው፤ ከበዓሉም በኋላ ዘመቻ ይከተል ነበር። እንግዲህ ሜዳ ሕዝብን ያገናኛል፤ የግንኙነቱን መልክ የሚወስነው ግን የተሰበሰበበት ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የአገሩ ሕዝብ ሁሉ ወደ አንድ ከተማ ሲገባ፣ በዓሉም ሜዳውን አገኘ፤ ጃን ሜዳ ይባላል። ስሙ የንጉሥ ሜዳ ማለት ነው፤ ፈረስም ተጋልቦበታል፣ ሠራዊትም ተሰልፎበታል። በጥምቀት ቀን ግን ንጉሥም ሠራዊትም የማያዙበት ሌላ ነገር ይሆናል። ከግሼ የሄደ ሰው በጥር 11 ቀን እዚያ ቢገኝ በመጀመሪያ የሚፈልገው የአገሩን ሆታ ነው፤ ያገኘዋልም። ወደዚያ ሲያመራ ግን የጉራጌን ጭብጨባና ዝላይ ያልፋል፤ የትግራይን ሰዎች ከበሮ መካከል አድርገው ሲዞሩ ያያል፤ የኦሮሞ ጎረምሶች በረገዳ ምድሩን ሲመቱ ይሰማል፤ የዶርዜ ሸማኔዎችም አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ እየተደረበ የሚሄደውን ዜማቸውን ሲያሰሙ ቆሞ ያዳምጣል። እንዲህ ያለውን ዜማ በደጋው ሰምቶ አያውቅም። ተራ የሚሰጥ የለም፤ የሚከለክልም የለም። አንዱ ክብ በሌላው ክብ አጠገብ ይሠራል፤ ተመልካቹም ጥቂት ቆይቶ ጨፋሪ ይሆናል።

በሃያኛው ምእት ዓመት ይህ ሁሉ ወደ ጣራ ሥርም ገባ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር የየአገሩን ዘፈን በመድረክ አሰማ። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርን፣ መሰንቆን፣ ዋሽንትንና ከበሮን በአንድነት አስቀመጠ። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ጓድ ይህንኑ ይዞ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በየዓመቱ ይከበራል። የዚህ ሁሉ ጥቅም ሊካድ አይገባም፤ ራቤል ያለ ልጅ የጋምቤላን ጭፈራ ያወቀው በመድረክ ምክንያት ነው። ነገር ግን ለመድረክ የወጣ ጭፈራ ደቂቃ ይለካለታል፣ ልብሱ አንድ ዓይነት ይሰፋለታል፣ ተመልካቹም በወንበር ይቀመጣል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ያጨበጭባል እንጂ አይጨፍርም። ልማዱንም ያውቀዋል እንጂ አይወርሰውም።

ዓለምም ለአደባባይ በዓላት ያለውን አክብሮት በቅርብ ዘመን ገልጦአል። በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም.፣ የሐረር ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. ተጽፈዋል። በሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ ሁሉም ግን ደጅ ወጥተው የሚከበሩ ናቸው። መዝገብ ስምን ይጠብቃል፤ ስፍራን ግን ሊጠብቅ አይችልም።

ይህም ወዲያው ተፈተነ። ጥምቀት በተመዘገበበት በዚያው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ስለ ገባ፣ ሰው እንዳይተፋፈግ ተብሎ የፒያሳ አትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ምክንያቱ የሰውን ሕይወት ማዳን ነበርና የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን ወራት አለፉ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም በታቦታቱ ማደሪያ ሰነበተ። ቤተ ክርስቲያን ስፍራው ይመለስ ዘንድ አጥብቃ አሳሰበች፤ ገበያውም ተነሥቶ፣ ሜዳው ተጠርጎ፣ የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት እዚያው ተከበረ። በእነዚያ ወራት ብዙ ሰው ያላሰበውን ነገር ዐወቀ፤ ታቦቱ አለ፣ ካህኑ አለ፣ ዜማው አለ፣ ሜዳው ከሌለ ግን በዓሉ የት ይቆማል?

ጥያቄው የዋና ከተማ ብቻ አይደለም። ከተማ ባደገ ቁጥር ባዶ መሬት ሥራ የፈታ ይመስላል፤ በዓመት ሦስት ቀን ብቻ ለሚያገለግል ሜዳ ማዘን ለብዙ ሰው ከንቱ ነገር ሆኖ ይታየዋል። አንዱ አጥሩን ክንድ ያህል ይገፋል፤ ሌላው ድንጋይ ይከምራል፤ ሦስተኛው ቤት ይሠራል። ማንም በዓሉን ላጥፋ ብሎ አልተነሣም፤ በዓሉ ግን ይጠባል። ስለዚህ በየከተማው ያሉ ካህናትና ሽማግሎች የባሕረ ጥምቀቱን ወሰን በጽሑፍና በካርታ ማስከበራቸው ከማኅሌቱ ያነሰ አገልግሎት አይደለም።

በጓሳ ሜዳ የመንዝ አባቶች ሣሩን በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀው ማቆየታቸው የታወቀ ነው፤ ጊዜው ሳይደርስ አይታጨድም፣ አይጋጥም ነበር። ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ እንዲህ ከተጠበቀ፣ ደገኛውና ቆለኛው፣ የአገሩ ሰውና መንገደኛው በዓመት አንድ ጊዜ ሳይጠራሩ የሚገናኙበት ሜዳ እንዴት አይጠበቅ?