«በክንድ ርቀት» ማለት ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ?

እንግሊዝኛን ከአሥር ዓመት በላይ ተምረን፣ ብዙዎቻችንም ዲግሪያችንን በዚያው ቋንቋ ይዘን፣ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር የምታደናቅፈን ጊዜ አለ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሰዋስው አይደለም፤ የፈሊጥ ነው።

ፈሊጥ የምንለው፣ የቃላቱ ትርጉም አንድ በአንድ ቢደመር የማይገኝ ፍቺ ያለውን ሐረግ ነው። «እንደ» እያለ የሚያመሳስለው ተነጻጻሪ ዘይቤና አንዱን ነገር ሌላው ነው የሚለው ተለዋጭ ዘይቤ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። እነዚህን ግን ከዚህ በፊት ባንሰማቸውም በምናባችን እንደርስባቸዋለን፤ «ሰውዬው አንበሳ ነው» ቢባል ማንም አይቸገርም። ፈሊጥ የልማድ ውጤት በመሆኑ ምናብ ብቻውን አያደርስም። የእኛን «ጆሮ ዳባ ልበስ» ለውጭ አገር ሰው ለማስረዳት የሞከረ ያውቀዋል።

የመማሪያ መጻሕፍት «ኪክ ዘ በኬት»ን ማስቀደም ይወዳሉ። ባልዲውን መምታት ማለት መሞት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ብዙም የሚያሳስብ አይደለም። ስለ አንድ ሽማግሌ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ባልዲ ድንገት ብቅ ሲል፣ አንባቢው ቆም ብሎ መዝገበ ቃላት መግለጡ አይቀርም። አደገኞቹ ቃል በቃል ሲነበቡም ስሜት የሚሰጡት ናቸው።

በውልና በታክስ ሰነዶች ውስጥ የሚገኘውን «አት አርምስ ሌንግዝ» እንውሰድ። ቃል በቃል «በክንድ ርቀት» ነው። ለእኛ እጅ የሚደርስበት ሁሉ ቅርብ ስለሆነ፣ በመቀራረብ የተደረገ ግብይት ይመስለናል። ፍቺው ግን ተቃራኒው ነው፤ ክንድን ዘርግቶ ሌላውን ማራቅ። ገዥና ሻጭ ዝምድና እንደሌላቸው ሆነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ጥቅም እያስጠበቀ የሚስማሙበት ግብይት ማለት ነው። አንድ ኩባንያ ለእህት ኩባንያው ዕቃ ሲሸጥ ግብር ሰብሳቢው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ገዥው ባዕድ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዋጋ ትሸጥለት ነበር ወይ? ሐረጉን «በቅርብ ትብብር» ብሎ የተረጎመ ሰው አንቀጹን ገልብጦታል። ውሉ ለእንግሊዝኛው ቅጂ ቅድሚያ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ፣ ደንበኛው አማርኛውን አንብቦ ይፈርማል፣ በእንግሊዝኛው ይገደዳል።

አፍ መፍቻቸው የሆነውም ቢሆኑ አያመልጡም። ዊንስተን ቸርችል በጦርነት ማስታወሻቸው እንደሚተርኩት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የብሪታንያ መኮንኖች አንድን ሰነድ «ቴብል» እናድርገው አሉ፤ በአስቸኳይ ለውይይት ይቅረብ ማለታቸው ነበር። ለአሜሪካውያኑ ግን ቃሉ «ይቆይ፣ ወደ ጎን ይደረግ» ማለት ነው። ሁለቱም ወገን ሰነዱ እንዲታይ እየፈለጉ፣ ነገሩ እስኪገለጥላቸው ድረስ ለረጅም ጊዜ ተጨቃጨቁ። ዛሬም የቦርድ ቃለ ጉባዔ የሚጽፍ ሰው የተሰብሳቢዎቹን አገር ማወቁ አይከፋም።

ሌላው ወጥመድ እኛው አማርኛ ያደረግነው ፈሊጥ ነው። «እጅና ጓንት ሆነው ሠሩ» በእኛ ዜና ምስጋና ነው። እንግሊዝኛው «ሃንድ ኢን ግላቭ» ግን ብዙ ጊዜ በሥውር መመሳጠርን ያሸታል። የአንድ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች ከነጋዴዎች ጋር እጅና ጓንት ናቸው የሚል የእንግሊዝኛ ሪፖርት ለውጭ ለጋሽ ቢደርስ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም!

መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ሐረጉን በዋናው ስም ሥር መፈለግ ይሻላል። ለተማሪ የተዘጋጁት ጥሩ መዝገበ ቃላት ፈሊጦችን ለብቻ ለይተው፣ የብሪታንያ ይሁን የአሜሪካ፣ የመደበኛ ጽሑፍ ይሁን የጨዋታ አብረው ያመለክታሉ፤ ይህች ምልክት ከፍቺው እኩል መነበብ አለባት። እኔ በበኩሌ ፈሊጥ ያለበት የውል ረቂቅ ሲደርሰኝ፣ ሐረጉ በተራ ቃላት ተዘርዝሮ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ረቂቁን ያዘጋጀው ሰው ራሱ ለመዘርዘር ሁለት ቀን ይወስድበታል።