የሕክምና እንግሊዝኛና የሕመምተኛው አማርኛ

የሕክምና ትምህርት ቋንቋ ምን ጊዜም ዕውቀቱ የተከማቸበትን ቋንቋ ሲከተል ኖሯል። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ላቲን ነገሠ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ስፍራውን ተካፈሉት፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ግን እንግሊዝኛ ገነነ። ይህ ጽሑፍ ታሪኩ በአገራችን የያዘውን መልክ ባጭሩ ከቃኘ በኋላ፣ የሕክምና እንግሊዝኛን ማስተማር ከአማርኛ የስያሜ ሥራ ተነጥሎ ሊታይ እንደማይገባው ለማስረዳት ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም። በ1896 ከዐድዋ ጦርነት በኋላ አዲስ አበባ የደረሰው የቀይ መስቀል ጓድ የሩሲያ ነበር፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ደግሞ ሙያውን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። «ኦፕራሲዮን» የሚለው ውሰት ቃል ቅርጹ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ ጣሊያንኛ ያደላል። «ኪኒን» የአንድ የወባ መድኃኒት ስም ሆኖ ገብቶ፣ ዛሬ ማናቸውም የሚዋጥ እንክብል ይጠራበታል። እነዚህን ቃላት ሕዝቡ የተቀበላቸው በጆሮው እንጂ ከመማሪያ መጻሕፍት አልነበረም።

በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ቆይቶ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕክምና ፋኩልቲም ይህንኑ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ የሚመረምረው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የአገሪቱ ቋንቋ ነው።

የመረጃው መንገድ ሲለወጥ ይህ ርቀት ይበልጥ ጎላ። በ1879 መታተም የጀመረው «ኢንዴክስ ሜዲከስ» የተባለው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ በ1971 «ሜድላይን» በሚል ስም በኮምፒዩተር መስመር መፈለግ ቻለ፤ በ1997 «ፐብሜድ» ለማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ተከፈተ፤ በ2002 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ «ሂናሪ»ን ለታዳጊ አገሮች አቀረበ። ቀድሞ ተማሪው እንግሊዝኛን የሚሻው የመምህሩን ንግግርና አንድ መማሪያ መጽሐፍ ለመረዳት ነበር፤ ዛሬ ግን መፈለግ፣ ማመዛዘንና መለየት ይጠበቅበታል። ሕመምተኛውም ቢሆን ከበይነ መረብ ያነበበውን ቃል ይዞ ይመጣል።

ችግሩ የሚከሠተው በዚህ መገናኛ ላይ ነው። «ነቀርሳ» በብዙ ጽሑፎች የካንሰር አቻ ሆኖ ይገኛል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ቲቢ ማለት ነው። ስለ ሳንባ ካንሰር የተጻፈን ምክር «የሳንባ ነቀርሳ» ብሎ የተረጐመ ሰው አንባቢውን ወደ ሌላ በሽታ፣ ወደ ሌላም መድኃኒት ይመራዋል። «ደም ብዛት» የ«ደም ማነስ» ተቃራኒ ይመስላል፤ ሆኖም ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ባንድ ጊዜ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ይህ የተነገረው ሕመምተኛ ሐኪሙ የተምታታበት ቢመስለው አያስደንቅም። «የደም ግፊት አለብዎ» የሚለውም አነጋገር ጉድለት አለበት፤ የደም ግፊት የሌለው ሕያው ሰው የለምና፣ «ከፍተኛ» የሚለው ቅጽል ሊቀር አይገባም። እንዲሁም «ፖዚቲቭ» በዕለት ንግግር መልካም ነገርን ሲያመለክት፣ በላቦራቶሪ ግን የተፈለገው ነገር መገኘቱን ይገልጻል፤ «ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለበት» የሚለው አተረጓጎም ረዘም ቢልም ከስሕተት ያድናል።

በአንጻሩ በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ ሕዝቡ «ወሸባ» የሚለውን ነባር ቃል ከማኅደሩ አውጥቶ ለአዲሱ ሁኔታ አዋለው፤ «ለይቶ ማቆያ» የሚለውም ሐረግ ጎን ለጎን ሠራ። ይህም ቋንቋው ሳይደኸይ ፈላጊ ብቻ እንዳጣ ያመለክታል።

እንግዲህ የሕክምና እንግሊዝኛ መምህር አንድን ስያሜ ባስተማረ ቁጥር «ይህን ለሕመምተኛው በምን ቃል ትነግረዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ከተማሪዎቹ የሚገኘው መልስ፣ የሚያሳስተውም ጭምር፣ ተመዝግቦ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጁና ለተርጓሚው ቢደርስ ክፍሉ ራሱ የቃላት መሰብሰቢያ ይሆናል። የስያሜ ሥራ ፍሬው የሚለካው በመዝገቡ ውፍረት ሳይሆን፣ ሕመምተኛው ከሐኪሙ ተሰናብቶ ሲወጣ ሕመሙን በትክክል ዐውቆ በመሄዱ ነው።