የውጫሌ ውልና የከዋክብት ደብዳቤ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ውጫሌ አጠገብ ባለችው ይስማ ንጉሥ፣ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ውል ተፈራረሙ። የአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ብትፈልግ በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መነጋገር እንደምትችል ይናገራል፤ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የአንድ ግስ ልዩነት እስከ ዓድዋ አደረሰ።

በዚያ ዘመን ከአንድ ኮከብ የወጣ ብርሃን ገና አሁን እየደረሰን ነው። አኬርናር ከእኛ 139 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ከውጫሌ ወደ ደቡብ ለሚመለከት፣ ዝቅ ብሎ ይታያል። የኮከብ ብርሃን እንደ ቆየ ደብዳቤ ነው፤ መድረሱን ይደርሳል፣ ማንበቡ ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ይህ ደብዳቤም ለረጅም ጊዜ በስሕተት ተነቧል። በውሉ ዘመን ስመ ጥሩው ሎርድ ኬልቪን ፀሐይ የምታበራው እየተኮማተረች ስለሆነ ዕድሜዋ ከጥቂት አሥር ሚሊዮኖች ዓመታት አያልፍም ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሲሊያ ፔይን የተባለች ወጣት የከዋክብትን ብርሃን በየቀለሙ ዘርዝራ መረመረች፤ ከሁሉ የሚበዛው ሃይድሮጅን ሆኖ አገኘችው። ታላቁ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ግን ሊሆን አይችልም አላት። እርሷም ውጤቱ እውነት እንዳይመስላት አድርጋ ጻፈች። ከአራት ዓመት በኋላ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ።

የከዋክብት ታሪክ የተፈታው በዚህ ቁልፍ ነው። ኮከብ ከጋዝና ከአቧራ ደመና ይወለዳል። እምብርቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ሲግል ሃይድሮጅኑ ወደ ሂሊየም እየተለወጠ ያበራል። እንደ ፀሐይ ያለው 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይኖራል፤ ከዚያም ያብጣል፣ ይቀላል፣ ውጫዊ አካሉን ያራግፋል፤ የሚቀረው ነጭ ድንክ ኮከብ ነው። ከፀሐይ ከስምንት እጥፍ በላይ የሚከብደው ግን በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ነዳጁን ጨርሶ ይፈነዳል። በደማችን ካለው ብረት ከፊሉ የተሠራው በእንዲህ ያሉ ከዋክብት ውስጥና በፍንዳታቸው ነው።

መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 38 ሰባቱን ከዋክብትና ኦሪዮንን ያነሣል። ሰባቱ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው ወጣቶች ናቸው። በኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለው ቀዩ ቤቴልጌዝ ወደ ፍጻሜው ተቃርቧል፤ ከመታጠቂያው በታች ባለው ደመና ውስጥ ግን ዛሬም ከዋክብት ይወለዳሉ። ልደትና ሽምግልና በአንድ ሰማይ ላይ!

ምኒልክ ከውሉ ስድስት ወር በኋላ ዘውድ በጫኑበት በእንጦጦ፣ ዛሬ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ይህን ደብዳቤ ማንበብ ለእኛም ተከፍቷል ማለት ነው።

ፔይን በትክክል አነበበች፤ በታላቅ ሰው ቃል ግን ንባቧን ለቀቀች። ምኒልክ የአማርኛውን ንባብ አልለቀቁም። ወጣት ሆይ፣ በጥንቃቄ አንብብ፣ አንብቢ፤ ያነበባችሁት እውነት ከሆነ አትልቀቁት።