ኢብን ሐጀር ያልቆረጡበት ቅጠል፦ ጫት በፊቅህና በኬሚስትሪ

በቁይም ሆነ በደብረ ማርቆስ ለኢማም የሚቀርበው የጫት ጥያቄ አጭር ነው፤ «ሐራም ነው ወይስ አይደለም?» ይባላል። መልሱ ግን ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ይህን ያለፈው ትውልድ ዑለማእ ሊመረምሩበት የሚችሉበት መሣሪያ አልነበራቸውም።

ጫት በአገራችን ቀድሞ ከተጠቀሰባቸው ጽሑፎች አንዱ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የይፋቱ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት፣ ሙስሊሞች ይወዱታልና፣ መዛቱን ጸሐፊው ይተርካል። የተፋላሚ ወገን ብዕር ስለሆነ ዛቻውን እንዳለ መቀበል ያስቸግራል፤ ቅጠሉ በዚያ ዘመን የሙስሊሞች መለያ ሆኖ ይታይ እንደነበር ግን ይመሰክራል።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ክርክሩ መካ ደረሰ። ታላቁ የሻፊዒይ ፈቂህ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ (ረሒመሁላህ) ከሰንዓና ከዘቢድ ሦስት ድርሳናት ደረሷቸው፤ ሁለቱ ጫትን ሲከለክሉ አንዱ ይፈቅዳል። እሳቸውም የቃሚዎችን ምስክርነት ጠየቁ። አንዱ አእምሮን ያውካል ሲል ሌላው ምንም አያደርግም አለ። ምስክሮቹ ስለተቃረኑ ክልከላውን በእርግጠኝነት ለመናገር አልደፈሩም፤ መራቁን ግን መከሩ። በእኛ አስተያየት የድርሰታቸው ክብደት በብይኑ ሳይሆን በዚህ ጥንቃቄ ላይ ነው።

ኬሚስቶች ለረጅም ጊዜ በደረቀ ቅጠል ላይ ሠርተው በ1930 እ.ኤ.አ. ካቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለዩ። ጉልበቱ ግን ቃሚዎች የሚሉትን ያህል አልነበረም። ምሥጢሩ የተገለጠው በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ትኩሱን ቅጠል መርምሮ ካቲኖንን ሲያገኝ ነው። ካቲኖን ከአምፌታሚን የሚለየው ሁለት ሃይድሮጂኖች በአንድ ኦክስጅን በመተካታቸው ብቻ ነው፤ በአንጎል ውስጥም ዶፓሚን እንዲለቀቅ በማድረግ እንቅልፍንና ረኃብን ያባርራል፣ የልብን ምት ያፈጥናል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ግን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ነጋዴ ጫቱን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ የሚሮጠው ለዚህ ነው፤ ኬሚስትሪውን ከኬሚስቶቹ በፊት በእጁ ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የኢብን ሐጀር ምስክሮች ሁሉም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል። ትኩሱን የቃመና ውሎ ያደረውን የቃመ አንድ ነገር አልቀመሱም። ይህ ግምታችን ነው፤ የሰውየው ልማድና የቅጠሉ መጠንም ልዩነት ያመጣሉ። ላቦራቶሪው ፈትዋ አይሰጥም። ነገር ግን ጫትን ከኸምር ጋር በቀጥታ የሚያመሳስል ቂያስ ላይ ጥያቄ ያነሳል፤ አልኮል አንጎልን ሲያደነዝዝ ካቲኖን ያነቃዋልና። ብርታቱ ሲያልቅ የሚከተለው ድካምና ድባቴ ደግሞ «ሙፈቲር» በሚለው ምዕራፍ ሥር ሊመረመር ይገባዋል።

ዓለም አቀፉ ሕግም ተመሳሳይ ልዩነት አድርጓል። በ1971ዱ ስምምነት መሠረት ካቲኖን በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ሲውል፣ ካቲን በላላ ደረጃ ተመድቧል፤ ቅጠሉ ራሱ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።